በሚያዝያ የተዘጋው ፕሮግራም

በሰኔ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ በአክብሮት አስታውቃለሁ። የሰቀልሁት እኔ ነኝ። አራት ምስማር ያስፈልገው ነበር፤ ሦስት ተገኝቷል።

ወርቁ እባላለሁ። የዩኒየኑ ደብዳቤ «የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድጋፍ ሰጪ» ይለኛል፤ ከዚያ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግን ነበር። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ሰው ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ፤ ሰው ሲጣላ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። ዩኒየኑ ሁለቱንም በአንድ ክፍል አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

የሚጣሉት ፍሬሕይወትና ኢዮብ ናቸው።

ፍሬሕይወት የእስቴ ልጅ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ብቻዋን ቁጭ ብላ አንድ ፕሮግራም ጻፈች። ገበሬው የአባልነት ደብተሩን ቁጥር በስልኩ በአጭር መልእክት ይልካል፤ ማዳበሪያውን ከየትኛው መጋዘን፣ በየትኛው ቀን እንደሚወስድ መልስ ይመጣለታል። ሲነገር ቀላል ነው። ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ ወገዳ መጋዘን ድረስ ሄዶ «የዛሬ ሳምንት ተመለስ» የተባለ ብቻ ነው ቀላል አለመሆኑን የሚያውቀው። ምዝገባውም፣ ተራውም፣ መልእክቱም በዚያው በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙም በአንድ የኪራይ ሰርቨር ላይ።

ኢዮብ ከአዲስ አበባ በኮንትራት የመጣ ባክኤንድ ዴቨሎፐር ነው፤ ሰው የማያየውን የፕሮግራም ክፍል ይጽፋል። ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ሰባት ተለጣፊ አለ፤ ስብሰባ ሲረዝም ቆጥሬአቸዋለሁ። የመጣ ዕለት የፍሬሕይወትን ኮድ ከላይ እስከ ታች አየና፣

«ማነው የጻፈው?» አለ።

«እኔ» አለች።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ያስታውቃል» አለ።

ከዚያ በኋላ እንደምን አደርሽ ተባብለው አያውቁም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «ወርቁ፣ እህታችን የምዝገባውን ሰንጠረዥ ትልክልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ይላል። «ወርቁ፣ ከትናንት ወዲያ እንደላክሁለት ንገርልኝ» ትላለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ክንድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ አያሌው ዘንድ ግን ኢዮብ ቶሎ ተሰማ። ነጭ ሰሌዳ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥን ሣለላቸው። «የእሷ ሁሉም ነገር አንድ ቤት ውስጥ የታጎረበት ነው። እኛ እንከፋፍለዋለን። አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ተራ ይሰጣል፣ አንዱ መልእክት ይልካል። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትንሽ አገልግሎት ነው፤ ማይክሮሰርቪስ ይባላል። ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በሚከራይ የሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚኖሩት። አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹ ይሠራሉ፤ ሰው ሲበዛ በራሳቸው ይባዛሉ።»

አቶ አያሌው ሳጥኖቹን ቆጠሩ። «እንደ ሐዋርያት» አሉ።

በቃ፣ ጸደቀ።

ፍሬሕይወት አንድ ጊዜ ብቻ በቀጥታ ተናገረችው። «ያለው አንዱ መች ወድቆ ያውቃል?»

«የሚገፋው ስለሌለ ነዋ፣ እህቴ። ዛሬ የትም አገር ሥራ ስትጠይቂ ‹በክላውድ ምን ሠርተሻል?› ነው የሚሉሽ። እዚህ ቁጭ ብለሽ ባትሰሚ አልፈርድብሽም።»

«አንተ ለዚህ ገበሬ ነው የምትሠራው ለሲቪህ?»

«ሲቪ ያለው ሰው ለሁለቱም ይሠራል።»

ሐሜት አይሁንብኝና፣ እውነቱን ነው። ስክሪኑን ጠርጌለት ስመለስ ደብዳቤውን አይቼዋለሁ፤ «ሃያ ሺህ ተጠቃሚ ያለው ሲስተም በክላውድ ገንብቻለሁ» ብሎ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ጽፏል። አንዱም ሳጥን ገና ሥራ አልጀመረም ነበር።

እሷም ብትሆን ቁጭ አላለችም። እየሰደበችው የእሱን ኮድ መስመር በመስመር አነበበችው። አንድ ቀን ሻይ ቤት፣ «ወርቄ፣ ስማ» አለችኝ። «አሥራ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። አንዱ ዝም ካለ ጠያቂው ሠላሳ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ጠያቂውን ሌላው ይጠብቀዋል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይሠራል ያለው ውሸት ነው። ተያይዘው ነው የሚሄዱት።»

«ንገሪው እንጂ።»

«ጠየቀኝ?»

ሚያዝያ ሠላሳ ቀን ፍሬሕይወት «አሮጌው ፕሮግራም ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል» የሚል የርክክብ ሰነድ ፈረመች። አቶ አያሌው ማኅተም አድርገው ለበላይ አካል ላኩት። ደግሞም አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ሰኔ አሥራ ሁለት ግምገማ ይደረጋል፣ የኢዮብ አሥራ ሁለት አገልግሎቶች ሳይወድቁ ጸንተው ከቆሙ የፍሬሕይወት መደብ ይታጠፋል፣ እሷም ወገዳ መጋዘን መዝጋቢ ሆና ትዛወራለች። መዝጋቢ ማለት በር ላይ ቆሞ ጆንያ ሲወጣ እያዩ መስመር መሳብ ነው። ይህን እሷ ራሷ ናት በአራት ዓመት ያስቀረችው።

በፈረመችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገባችና በሩን ዘጋችው።

«አላጠፋሁትም» አለች።

«ፈርመሻል እኮ።»

«እጄ ለመፈረም እሺ አለኝ፤ ለማጥፋት እምቢ አለኝ።» ፓስወርዱን በብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። «ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሪስታርት አድርገው፤ ሲቆይ ያብጣል። ለማንም እንዳትናገር።»

አልተናገርሁም።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን የኢዮብ ሐዋርያት ወደቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢዮብ አገልግሎቶቹ ከስንት በላይ እንዳይባዙ ጣሪያ አበጅቶላቸዋል። ጣሪያውን የለካው ዐሥር የሥራ ቀን ቁጭ ብሎ በሰዓት ስንት መልእክት እንደሚመጣ ቆጥሮ ነው። ዐሥሩም አዘቦት ነበር። አዘቦት ቀን ገበሬው ሞፈር ጨብጦ ነው የሚውለው፤ ስልኩ በኮቱ ኪስ ተሰቅሎ ቤት ነው። በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ በሬ አይጠመድም። ሰው ቅዳሴ ይወጣል፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያወጣል። ከእስቴ እስከ ጋይንት፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ የደብተሩን ቁጥር ይልካል።

ኢዮብ ፀጉሩን ይዞ ቆመ። «ለምን ዛሬ? ምን ተገኘና ነው ዛሬ?»

«ሚካኤል ነው» አልሁት።

«እና?»

«አይታረስም።»

ፍሬሕይወት ማዶ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች። ዞረባት። «ታውቂ ነበር!»

«ወርቁ፣ እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ እንደሚያውቀው ንገርልኝ።»

«አንቺ ክፉ ሴት ነሽ፤ ገበሬ እየጮኸ ትስቂያለሽ!»

«አልሳቅሁም። ወርቁ፣ ስቄአለሁ?»

አልሳቀችም፤ ያንን መመስከር እችላለሁ። ጥርሷ ግን አልተሸፈነም።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢዮብ ክፍሌ ገባና በሩን ዘጋው።

«ወርቁ፣ ያ አሮጌው ነገር… ቅጂው የትም አይገኝም አይደል?»

«ቢገኝስ?»

«ለማጣቀሻ ነበር የፈለግኩት።»

አገናኘሁለት፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ማጣቀሻው ሥራ ጀመረ። የኢዮብ መዝጋቢ ሳጥን የገበሬውን ቁጥር ይቀበላል፤ በስተጀርባ ለፍሬሕይወት ፕሮግራም ያሳልፈዋል፤ የእሷ ፕሮግራም መልሱን ያወጣል፤ መዝጋቢው መልሱን ተቀብሎ እንደ ራሱ አድርጎ ይሰጣል። የቀሩት አሥራ አንዱ ያንኑ መልስ እየተቀባበሉ ሲሯሯጡ ይውላሉ። ሲታዩ በጣም ሥራ የበዛባቸው ይመስላሉ።

«ለጊዜው ነው» አለኝ። «በኋላ አስተካክለዋለሁ። ለማንም እንዳትናገር።»

በማግሥቱ አቶ አያሌው አስጠሩኝ። በራቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ልምድ ሆኖብኝ።

«ወርቁ፣ እኔ ተዘግቷል ብዬ ለበላይ ጽፌአለሁ። የጻፍሁት ሐሰት እንዲሆን አልፈልግም።»

«ልክ ነው ጋሼ።»

«ግን ምናልባት፣ ምናልባት ነው ያልሁህ፣ በስሕተት ያልተዘጋ እንደሆነ…»

«እሺ?»

«እንዳይዘጋ። እኔ ምንም አላልሁህም።»

ስለዚህ ከግንቦት አሥራ ሦስት ጀምሮ የሌለ ፕሮግራም ለሦስት ሰው እጠብቅ ነበር። ሦስቱም ምስጢሩን ለእኔ ብቻ የነገሩኝ ይመስላቸዋል። ከዚህ ሁሉ ዓመት የሞባይል ጥገና በኋላ፣ ሰው የሰጠኝን ዕቃ ለሌላ ሰው አላሳይም።

ፍሬሕይወት ሳምንት አልቆየችም፤ የፕሮግራሟን ሎግ፣ የገባ የወጣው የሚጻፍበትን መዝገብ፣ ከፍታ ጥያቄው ከኢዮብ አድራሻ እንደሚመጣ ደረሰችበት። እየሳቀች መጣችና መሐል ላይ ሳቋን አቆመች። ነገሩ ገባት። ብትናገር የፈረመችው ሐሰት ይሆናል፤ ከሥራ ትባረራለች። ዝም ብትል ራሷ የሠራችው ሥራ ራሷን ወገዳ ይልካታል።

«አንተ ንገርልኝ» አለች።

«እኔ ድጋፍ ሰጪ ነኝ» አልሁ።

«አንተ ከሱ ትብሳለህ» አለችና ወጣች። ይህንንም ለማንም አልተናገርሁም።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ቴሌቪዥኑን ሰቀልሁ። ስክሪኑ ላይ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ እያንዳንዱ አንድ የኢዮብ አገልግሎት ነው፤ ሲታመም ቀይ ይሆናል። እኔ ቴሌቪዥኑ እንዳይወድቅ ከሥሩ ላፕቶፔን ይዤ ተቀመጥሁ። አቶ አያሌው ክራባት አስረዋል። ኢዮብ ቆሟል። ፍሬሕይወት ጥግ ላይ ናት።

በጠረጴዛው ራስ የተቀመጡት መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ። ቃለ ጉባኤው ያለ እሳቸው ፊርማ አይጸናም። መሪጌታ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ ከማስተማር ሲተርፋቸው ሁለት ጥማድ ስንዴ ያርሳሉ፣ ማዳበሪያም እንደማንኛውም አባል ተሰልፈው ይወስዳሉ። ከውጭ፣ ከክፍቱ መስኮት ሥር፣ ከቅዳሴ የተመለሰው ገበሬ ተደርድሯል። አያ ጓዴ የሚባል የስማዳ ሰው ለሙከራ ተጠርቶ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆሟል፤ ስልኩ በእጁ ነው።

ኢዮብ አስረዳ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ገባኝ» አሉ። «እንደ ማኅሌት ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። መሪው ቢረሳ ከግራ ከቀኝ አንዱ ያነሣለታል።»

«በትክክል አባታችን! እንደዚህ የገባው ሰው አላጋጠመኝም።»

አቶ አያሌው ክራባታቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ ሁሉም ቢረሱስ?»

«አይረሱም።»

«መልካም።»

ኢዮብ ወደ ጥጉ ሳያይ ቀጠለ። «በእህታችን ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ችሎታዋ በጊዜው ጥሩ ነበር። ዘመኑ ጥሏት ሄደ እንጂ።»

«ዘመኑን አንተ ነህ ያመጣኸው?» አለች ፍሬሕይወት።

«እኔ መልስ የሚሰጥ ሲስተም ነው ያመጣሁት። ገበሬው መልስ መጣለት አልመጣለትም?»

«ከማን?»

አቶ አያሌው ሳል ያዛቸው። «ወደ አጀንዳችን፣ ወደ አጀንዳችን። ጓዴ፣ ላክ እስቲ።»

አያ ጓዴ በአንድ ጣቱ ቁጥሩን ጻፈ፣ ላከ። ሦስት ትንፋሽ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። «መጣ! ወገዳ መጋዘን፣ ሰኔ አሥራ አምስት» ብሎ አነበበ። አጨበጨብን። ፍሬሕይወትም አጨበጨበች፤ ከሁላችንም ቀድማ አቆመች እንጂ።

አቶ አያሌው ቀድሞ የተጻፈውን ቃለ ጉባኤ አነበቡ። ሲስተሙ በበዓሉ ቀን ጸንቶ መቆሙ ተረጋግጧል። አሮጌው ከሚያዝያ ሠላሳ ጀምሮ የተዘጋ ስለሆነ መደቡ ታጥፏል። ሠራተኛዋ ከሰኞ ጀምሮ ወገዳ ትገኛለች። ወረቀቱን ወደ መሪጌታ ገፋ አደረጉት።

መሪጌታ እስክሪብቶውን አነሡ፣ ክዳኑን ነቀሉ። «አንዲት ነገር» አሉ።

«ይበሉ መሪጌታ።»

«እኔ ዘንድ ተማሪ ጨርሻለሁ ብሎ ሲመጣ መጽሐፉን አጥፌ ነው የምጠይቀው። ከፊቱ ተዘርግቶ እያለ ቢያዜም፣ ያዜመው እሱ ይሁን መጽሐፉ በምን አውቃለሁ? የልጅቱን አሮጌ እጠፉልኝና ጓዴ አንድ ጊዜ ደግሞ ይላክ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ኢዮብ አቶ አያሌውን አየ። አቶ አያሌው ወረቀቱን አዩ።

«መሪጌታ፣ እሱ እኮ ተዘግቷል።»

«ሰማሁ፤ ሚያዝያ ሠላሳ።»

«የተዘጋ ነገር እንዴት ይዘጋል?»

«ታዲያ ምን ይጎዳል?»

«አባታችን፣» አለ ኢዮብ፣ «እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ሰዓት መነካካት አይመከርም። ከውጭ ሰው ተሰልፏል…»

«የተዘጋው ነው ሰውን የሚያስቸግረው?»

ኢዮብ አፉን ከፈተ፤ ከሰባቱ ተለጣፊ የትኛውም አልደረሰለትም።

መሪጌታ ወደ ጥጉ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ የዘጋሽው?»

«ፈርሜአለሁ የኔታ።»

«መዝጋትሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

ፍሬሕይወት መሬት መሬት አየች። «ፈርሜአለሁ» አለች ደግማ፤ ድምፅዋ ወገዳ ደርሶ የተመለሰ ይመስል ነበር።

«ቁልፉስ አሁን ማን ዘንድ ነው?»

ሦስቱ ባንድ ጊዜ እኔን አዩኝ። ቀጥሎ እርስ በርሳቸው እኔን ሲያዩ ተያዩ። አቶ አያሌው ፍሬሕይወትን፣ ፍሬሕይወት ኢዮብን፣ ኢዮብ አቶ አያሌውን። ቴሌቪዥኑ ከሦስቱ ምስማር በአንዱ ላይ ትንሽ አዘነበለ፤ በትከሻዬ ደገፍሁት።

«እጠፈው እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝ መሪጌታ።

ወደ ፍሬሕይወት አየሁ። «ከሱ ትብሳለህ» ብላ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። አሁን እሺ እንደማለት አገጯን ወደ ታች አደረገች። ፓስወርዱን ጻፍሁ። አጠፋሁት።

«ላክ ጓዴ።»

«ልኬአለሁ።»

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ መዝጋቢው ቀላ። ሌሎቹ ጠበቁት። ሠላሳ ሰከንድ በስብሰባ ላይ ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ቀላ፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፤ አሥራ ሁለቱም እስኪያልቁ ተያይዘው ሄዱ።

አያ ጓዴ ስልኩን አገላበጠው። «ዝም አለኝ» አለ። ከበስተኋላው አንድ ሌላ ድምፅ፣ «ለኔም ዝም!» አለ። «የኔስ?» «እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁት?» መስኮቱ በሰው ፊት ተሞላ። አንዲት ሴትዮ በዘንግ ግድግዳውን መታች። «ከነጋ ቆመን! በበዓል ቀን ታሾፉብናላችሁ?»

«ክፈተው!» አሉ አቶ አያሌው።

«ክፈተው!» አለ ኢዮብ።

«ወርቄ ክፈተው፣ ሰው ቆሟል!» አለች ፍሬሕይወት።

ሦስቱ ድምፅ አንድ ላይ ነው የወጣው። መሪጌታ በዜማ ቤት እንዲህ የገጠመላቸው ቀን ስንት እንደሆነ አላውቅም። የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

«የቱን?» አልሁ።

ማንም ስሙን አልጠራም። ከፈትሁት። መዝጋቢው አረንጓዴ ሆነ፣ ሌሎቹም በየተራ ተከተሉት። መሪጌታ ቃለ ጉባኤውን ሳይፈርሙ ለሁለት አጥፈው ከጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከወንበራቸው ግን አልተነሡም። መስኮቱ ላይ ስልክ ጮኸ።

«መጣ!» አለ አያ ጓዴ። «ወገዳ መጋዘን፣ ሰኔ አሥራ አምስት!»

እንደ ቅድሙ እስኪጨበጨብለት ድረስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ጠበቀ።